ሉፐስ የተባለችው እህቴ፣ ሪህ የተባለው ወንድሜ፦ የኤኤንኤ ውጤት በሴትና በወንድ

የአዳማ ታላቅ እህት (ክሩን የከፈተችው)

ሰላም ለሁላችሁ። ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ። ለማያውቅ፦ ሉፐስ ሰውነት ራሱን የሚያጠቃበት በሽታ ነው፣ ኤኤንኤ ደግሞ የሰውነትን የራሱን ሴሎች የሚያጠቃ ፀረ እንግዳ አካል የሚፈለግበት የደም ምርመራ ነው።

ቤታችን አዳማ ፍራንኮ አካባቢ ነው። ሦስት ልጆች ነን፣ ታላቋ እኔ ነኝ። ተከታዬ 29 ዓመቷ ነው፣ የመጀመሪያ ልጇን ከወለደች አምስተኛ ወሯን ይዛለች። ታናሻችን 24 ዓመቱ ነው፣ ባጃጅ ይነዳል።

እህቴ በወለደች በአራተኛው ወር ፀጉሯ ማበጠሪያው ላይ እየተነቀለ ይቀር ጀመር። ድካሙም ሌላ ነው፣ ልጁን አቅፋ ደረጃ መውጣት ያቅታታል። አንድ ክሊኒክ ሄዳ ደም ሰጠች። ናሙናው አዲስ አበባ ተልኮ በሳምንቱ ወረቀቱ መጣ፦ ኤኤንኤ ፖዘቲቭ፣ 1:80፣ ስፔክልድ። ወረቀቱን ያነበበላት ባለሙያ "ሉፐስ ነው፣ የዕድሜ ልክ ነው" አላት። በዚያው ቀን ፕሬድኒሶሎን የሚባል የስቴሮይድ መድኃኒት ታዘዘላት። መድኃኒቱ ልጁን ይጎዳል ብላ ጡት ልታስጥል ነበር። ሌሊት ሕፃኑን ታቅፋ ስታለቅስ አጠገቧ የነበርኩት እኔ ነኝ።

እዚያው ቤት ውስጥ ታናሻችን በየጠዋቱ ጣቶቹ አልታጠፍ እያሉት፣ እጁን ሞቅ ባለ ውኃ ነክሮ ካላፍታታ የባጃጁን መሪ መጨበጥ አይችልም ነበር። ስምንት ወር ሙሉ። "ሪህ ነው፣ ሥጋ ተው" ተባለ። ዳይክሎፌናክ ሲውጥና ሲወጋ ከረመ። ሁለቱ ጉንጮቹ ላይ የወጣው ጥቁረት "የአዳማ ፀሐይ ነው" ተባለ፣ እግሩ ሲያብጥ "ቀኑን ሙሉ ስለምትቀመጥ ነው" ተባለ። ባለፈው ወር አንድ ሐኪም የቅልጥሙን አጥንት በአውራ ጣት ተጭኖ ሲለቅ ጉድጓዱ እንዳለ ቀረ። "ሽንትህን አምጣ" አለው። ፕሮቲን ሦስት ፕላስ። ከዚያ ነው ኤኤንኤ የታዘዘለት፦ 1:640፣ ሉፐስን ይበልጥ የሚለየው ፀረ ዲኤንኤ የሚባለው ምርመራም ፖዘቲቭ። ሉፐስ ያለበት እሱ ሆኖ ተገኘ።

ጥያቄዬ ይኸው። ያው ምርመራ፣ ያው የደም ሥር፣ የአንድ እናት ልጆች። የእሷ ፖዘቲቭ ምንድነው? እሱንስ ስምንት ወር ማንም ኤኤንኤ ያላዘዘለት ወንድ ስለሆነ ነው? ሴት ወይም ወንድ መሆን ውጤቱን ይለውጠዋል?

---

የላብ ሰው

እህቴ፣ የወንድምሽን ነገር እግዜር ይርዳው። እኔ ላብራቶሪ ውስጥ ነው የምሠራው፣ ኤኤንኤም በእጄ ሠርቻለሁ፤ ስለዚህ ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር ከየት እንደሚመጣ ልንገርሽ። ግማሹ ጭንቀት ይህን ካለማወቅ ነው የሚመጣው።

ስላይድ አለ፣ ላዩ ላይ ሄፕ-2 የሚባሉ የሰው ሴሎች ተዘርግተውበታል። የታካሚውን ሴረም በ80 እጥፍ አቅጥነን እናፈስበታለን። በደሙ ውስጥ የሴል አስኳል ላይ የሚጣበቅ ፀረ እንግዳ አካል ካለ እዚያው ይቀራል፣ የሌለው ይታጠባል። ቀጥሎ የሚያበራ ቀለም እንጨምርና ክፍሉን አጨልመን በፍሎረሰንስ ማይክሮስኮፕ እናያለን። አስኳሉ አረንጓዴ ሆኖ ከበራ ፖዘቲቭ ነው። ወጥ ሆኖ ከበራ ሆሞጂኒየስ፣ እንደ ጤፍ ፍሬ ነጠብጣብ ከሆነ ስፔክልድ ይባላል። ከዚያ 160፣ 320፣ 640 እያልን እናቀጥናለን። ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው ብርሃኑ የታየበት የመጨረሻው ቅጥነት ነው።

ስለዚህ 1:80 ማለት በ80 እጥፍ ሲቀጥን በርቶ በ160 ጠፋ ማለት ነው። ደካማ ነው። 1:640 ግን ስምንት እጥፍ ተጨማሪ ቀጥኖም አልጠፋም። ማይክሮስኮፑ ላይ ቁጭ ብለሽ ብታዪው ልዩነቱን ለማወቅ ባለሙያ መሆን አያስፈልግሽም። በ1:80 ግን ሁለት ሰዎች አንዱን ስላይድ አይተው አንዱ ፖዘቲቭ፣ አንዱ ነጌቲቭ ሊለው ይችላል። በዓይን የሚነበብ ነገር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣ የብዙ አገር ላብራቶሪዎች ጥናት አለ። ምንም በሽታ የሌለባቸው ሰዎች ሲመረመሩ በ1:40 ወደ 32 በመቶ፣ በ1:80 ወደ 13 በመቶ፣ በ1:160 5 በመቶ፣ በ1:320 3 በመቶ ገደማ ፖዘቲቭ ሆነዋል። ልብ በይ፣ ጤነኞች ናቸው።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። አዎ፣ ጾታ ውጤቱን ይለውጠዋል። አሜሪካ ውስጥ 12 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆናቸው ሰዎች እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2004 በተሰበሰበ ደም ላይ በተሠራ ምርመራ፣ ኤኤንኤ ፖዘቲቭ የሆኑት ሴቶች ወደ 18 በመቶ ሲሆኑ ወንዶቹ ወደ 10 በመቶ ነበሩ። እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ግን የእህትሽን የላብራቶሪ ወረቀት አውጪና እዪው። ሄሞግሎቢን ላይ ለወንድ ይህን ያህል፣ ለሴት ይህን ያህል ተብሎ ሁለት መደበኛ ልክ ተጽፏል። ኤኤንኤ ላይ አንድ መስመር ብቻ ነው ያለው። እኔን ሁሌ የሚከነክነኝ ይህ ነው።

---

አባ ሁለት

የባለቤቴ 1:160 ነው የሚለው። ምንም አያማትም፣ ለቪዛ ጉዳይ ቼክአፕ ስታደርግ ነው የተገኘው። ምን ላድርግ?

---

ዋርድ ላይ ያለሁ

የውስጥ ደዌ ሬዚደንት ነኝ። ማንንም በመድረክ አላክምም፤ አስተሳሰቡን ግን መናገር እችላለሁ።

አባ ሁለት፣ ምንም የማያማት ከሆነ፣ ሽንቷና የደም ሴል ቆጠራዋ ደህና ከሆነ፣ ያ ቁጥር ብቻውን በሽታ አይባልም፣ መድኃኒትም አያስጀምርም። ኤኤንኤን በየስድስት ወሩ መደጋገምም ጥቅም የለውም። መገጣጠሚያዋ ካበጠ፣ ፀሐይ ሲነካት ሽፍታ ከወጣባት፣ አፏ ወይም ዓይኗ ከደረቀ ግን ያን ጊዜ ወረቀቱን ይዛ ትምጣ።

ወደ እህትና ወንድሙ ልመለስ። የማስበው በስሌት ነው። እንበል ከ1,000 ሴቶች አንዷ ሉፐስ አለባት። የላብ ሰው ባለው ቁጥር ከሄድን ከእነዚያ 1,000 ሴቶች ወደ 180 የሚሆኑት ኤኤንኤያቸው ፖዘቲቭ ነው። ከ180ዎቹ በሽተኛዋ አንዷ ናት። 179ኙን ሴቶች "ሉፐስ ነው" ብሎ ማስለቀስ ነው እንግዲህ፣ በወረቀቱ ብቻ ከተሄደ። እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣው የአውሮፓና የአሜሪካ የሩማቶሎጂ ማኅበራት መስፈርትም ኤኤንኤ 1:80 መግቢያ በር ብቻ ነው። ከበሩ አልፎ የሚቆጠር ነጥብ አለ፤ ሽፍታ፣ መገጣጠሚያ፣ ኩላሊት፣ የደም ሴል፣ ፀረ ዲኤንኤ። እህትሽ በሩ ላይ ቆማ ነው ፍርድ የተሰጣት።

ወንዶች ጋ ስህተቱ በተቃራኒው ነው። ከአሥር የሉፐስ ታካሚዎች ዘጠኙ ሴቶች መሆናቸውን ሁላችንም ተምረናል፤ ስለዚህ ወንድ ሲመጣ በሽታው ሐሳባችን ውስጥ አይገባም፣ ምርመራው አይታዘዝም፣ ያልታዘዘ ምርመራ ደግሞ ፖዘቲቭ አይሆንም። ወንድ ታካሚዎች ላይ ኩላሊት ቶሎና በርትቶ እንደሚጠቃ ብዙ ጥናቶች ያሳያሉ። ጨዋታው ሁሉ ጊዜ ነው፤ የወንድምሽ ስምንት ወር የሚያንገበግበኝም ለዚህ ነው። ዳይክሎፌናኩም ኩላሊቱን አልረዳውም፣ ይቁም።

ስለ እህትሽ ሁለት ነገር። ከወሊድ በኋላ በሦስተኛ አራተኛ ወር ፀጉር መነቃቀል በጣም የተለመደ ነው፣ በራሱ ይመለሳል። ድካሙ ግን፣ ቲኤስኤች የሚባለው የታይሮይድ ዕጢ የደም ምርመራ ታይቶላት ያውቃል? ከወሊድ በኋላ የታይሮይድ ዕጢ ብግነት ከ100 እናቶች አምስቱን ያህል ይይዛል። እሱም ራስን የማጥቃት በሽታ ነው፤ የታይሮይድ ችግር ያለባቸው ሰዎች ደግሞ ኤኤንኤያቸው ብዙ ጊዜ ፖዘቲቭ ይሆናል። ፕሬድኒሶሎኑን ከጀመረች ሳምንታት ካለፉ በድንገት እንዳታቆም፣ ከሐኪም ጋር ቀስ እያለች ትቀንስ። በተለመደው መጠን ጡት ማጥባትን አያስከለክልም።

---

የመንታ እናት

ልጄ፣ ይቺን የመጨረሻዋን መስመር ዛሬውኑ ለእህትሽ አንብቢላት። ጡት አታስጥል።

---

ሐይቅ ዳር

ሐዋሳ ነኝ። የተጻፈውን ሁሉ በአክብሮት አንብቤያለሁ፤ አንድ ነገር ግን ደረቴ ላይ ቆሞ አላስተኛኝም።

"ሴቶች ላይ ፖዘቲቭ ብዙ ነው፣ አትጨነቂ" የሚባለው ቃል እኔን ልጄን ሊያሳጣኝ ነበር። የእኔም ኤኤንኤ ዝቅተኛ ነበር። ዓይኔ ይቆረቁረኛል፣ እንጀራ ያለ ውኃ አልዋጥ ይለኛል እያልኩ አራት ዓመት ዞርኩ፤ "ጭንቀት ነው፣ ሴቶች ላይ ይበዛል" ተባልኩ። በ22ኛው ሳምንት እርግዝናዬ የልጄ የልብ ምት በደቂቃ 60 አካባቢ ሆኖ ተገኘ። ያን ጊዜ ነው አንቲ-ሮ የሚባለው፣ ከአፍና ከዓይን ድርቀት ጋር የሚመጣው ፀረ እንግዳ አካል የተመረመረልኝ፣ እሱም ከፍተኛ ሆኖ ወጣ። ልጄ በሕይወት አለች፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ግን ሴትን ሁሉ "የእናንተ ፖዘቲቭ አይቆጠርም" ወደሚል እንዳንሄድ እፈራለሁ።

---

ዋርድ ላይ ያለሁ

ሐይቅ ዳር፣ እህቴ፣ ልክ ነሽ። የጻፍኩት በዚያ መንገድ ሊነበብ መቻሉን አሁን ነው ያየሁት።

ለሌሎች አንባቢዎች ላብራራ። አንቲ-ሮ ያላቸው እናቶች ፀረ እንግዳ አካሉ በእንግዴ ልጅ በኩል አልፎ የፅንሱን የልብ ኤሌክትሪክ መስመር ሊያቆስል ይችላል። ከመቶ እናቶች በአንዷ ወይም በሁለቷ ነው የሚደርሰው፤ አንድ ልጅ ላይ ከደረሰ በኋላ ግን በቀጣዩ እርግዝና ዕድሉ ወደ 16 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ይወጣል። አብዛኛውን ጊዜ ከ18ኛው እስከ 26ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ነው የሚታየው። ሃይድሮክሲክሎሮኪን የሚባለውን የሉፐስ መድኃኒት መውሰድ የመደገም ዕድሉን እንደሚቀንስ ታይቷል። ስለዚህ ቀጣይ እርግዝና ካሰብሽ ከመፀነስሽ በፊት ሐኪምሽን አናግሪ።

"ለሴቶች ፖዘቲቭ የሚባልበትን መቁረጫ ወደ 1:160 ከፍ እናድርግ" የሚል ሐሳብ ሲነሳ የማልስማማውም ለዚህ ነው። ቁጥሩን ብናነሳ የተሳሳተው ማንቂያ ይቀንሳል፤ ዝቅተኛ ቁጥር ይዘው እውነተኛ በሽታ ያለባቸው ግን አብረው ይወድቃሉ። የአፍና የዓይን ድርቀትን በቁጥር ሳይሆን በጥያቄ ነው የሚደረስበት።

---

የላብ ሰው

ልጨምር፦ አንቲ-ሮ ብቻ ያለባቸው አንዳንድ ሰዎች ሄፕ-2 ስላይድ ላይ ነጌቲቭ ሊወጡም ይችላሉ፤ ሴሉ ውስጥ ያለው የሮ ፕሮቲን ጥቂት ስለሆነ። ሐኪሙ ከጠረጠረ ለብቻው ይጠይቀን። የጥያቄ ወረቀቱ ላይ "ምልክቱ ምንድነው" የሚለው ቦታ ባዶ ሆኖ ሲመጣ ደግሞ እባካችሁ ሙሉት።

---

5ኛ ዓመት

የሕክምና ተማሪ ነኝ። ለምን ሴቶች ላይ በዛ የሚለውን ማንም አላነሳም። ኢስትሮጅን ብቻ ነው? ደግሞ ሄፕ-2 ከወንድ የተወሰደ ሴል ስለሆነ የሴቶችን ፀረ እንግዳ አካል በደንብ አያሳይም የሚል አንብቤ ነበር፣ እውነት ነው?

---

ዋርድ ላይ ያለሁ

ኢስትሮጅን አለበት። ሉፐስ ከጉርምስና በፊትና ከማረጥ በኋላ የሴትና የወንድ ልዩነቱ ይጠባል፣ በመውለጃ ዕድሜ ይሰፋል። ግን እሱ ብቻ አይደለም። ኤክስኤክስዋይ የሆኑ፣ ማለትም አንድ ተጨማሪ ኤክስ ክሮሞዞም ይዘው የተወለዱ ወንዶች፣ የሉፐስ ዕድላቸው ከሌሎች ወንዶች 14 እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኝቷል፤ የሴቶችን ያህል ማለት ነው። ስለዚህ ክሮሞዞሙ ራሱ ድርሻ አለው። ቲኤልአር7 የሚባለው የቫይረስ ጠቋሚ ጂን ኤክስ ላይ ነው የሚገኘው፣ ሁለተኛው ኤክስ ሲዘጋም አንዳንዴ ሳይዘጋ ያመልጣል።

እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ የስታንፎርዱ የሃዋርድ ቻንግ ቡድን ኤግዚስት ላይ ያሳተመው አለ። ሴቶች ሁለተኛውን ኤክስ የሚዘጉት ኤግዚስት በሚባል ረጅም አርኤንኤ ነው። አርኤንኤው ብዙ ፕሮቲኖችን ሰብስቦ ክሮሞዞሙን ይሸፍነዋል፤ ከእነዚያ ፕሮቲኖች ብዙዎቹ ራስን የማጥቃት በሽታ ፀረ እንግዳ አካላት ዒላማ ናቸው። ተመራማሪዎቹ ወንድ አይጦች ኤግዚስትን እንዲሠሩ አደረጉና ሉፐስ መሰል በሽታ ሲቀሰቅሱባቸው ወደ ሴቶቹ የተጠጋ ሕመም አዩ። ማነሳሻው ሳይኖር ግን ኤግዚስት ብቻውን አላሳመማቸውም።

ታሪኩ ሁሉ በሴቶች ብቻ የሚያልቅ እንዳይመስልህ። እ.ኤ.አ. በ2020 ሳይንስ መጽሔት ላይ በወጣ ጥናት፣ በኮቪድ ለሞት ከተቃረቡ 987 ታካሚዎች መካከል 101ዱ የራሳቸውን ኢንተርፌሮን፣ ማለትም ቫይረስ የሚከላከለውን ፕሮቲን፣ የሚያመክን ፀረ እንግዳ አካል ነበራቸው። ከ101ዱ 95ቱ ወንዶች ነበሩ። ሜምብራነስ በሚባለው የኩላሊት በሽታም ወንዶች የሴቶችን እጥፍ ያህል ናቸው። "ራስን የማጥቃት በሽታ የሴት ነው" የሚለው አባባል ዋርድ ላይ ሲነገር ስሰማ ዝም የማልለው ለዚህ ነው።

---

የላብ ሰው

የሄፕ-2ን ጉዳይ እኔ ልመልስ። ሴሉ መጀመሪያ ከአንድ ወንድ የጉሮሮ ካንሰር እንደተወሰደ ነበር የሚነገረው። በኋላ በጂን ሲጣራ ግን ሂላ ሆኖ ተገኘ፤ እ.ኤ.አ. በ1951 ከሄንሪታ ላክስ የማህፀን በር ካንሰር የተወሰደው ሴል የሌሎች ላብራቶሪዎችን ሴሎች ወርሯቸው ነበር። ስለዚህ ምንጩ ሴት ናት። ያነበብከው ሐሳብ ፍሬ ነገር ግን አይወድቅም፤ እነዚህ የካንሰር ሴሎች የተዘጋውን ኤክስ ስላጡት ኤግዚስት አይሠሩም። ኤግዚስት ተሸካሚ ፕሮቲኖችን እዚያ ስላይድ ላይ በዚያ ቅርጻቸው አታገኛቸውም።

---

ወንጂ ያደግኩ

ከአዳማ ለሚጽፍ ሰው ሳላነሳ ባልፍ ይቆጨኛል። ወንጂና አካባቢው የጉድጓድ ውኃው ፍሎራይድ የበዛበት ነው። አባቴ በስኳር ልማቱ ያረጀ ሰው ነው፤ ጥርሱ ቡናማ፣ አንገቱና ወገቡ እንደ እንጨት የደረቀ። ሩማቶይድ ፋክተር የሚባለው የቁርጥማት የደም ምርመራው ትንሽ ፖዘቲቭ ስለወጣ ብቻ ለዓመታት የቁርጥማት መድኃኒት ዋጠ። በራጅ ሲታይ የአጥንት ፍሎሮሲስ ነበር። አዛውንት ሰው ላይ ያ ፋክተር ያለ በሽታም ፖዘቲቭ ይሆናል። የሚያበጠው መገጣጠሚያ ነው ወይስ የደረቀው አጥንት ነው የሚለውን ዳስሶ የሚያይ ሐኪም ፈልጉ።

---

ዋርድ ላይ ያለሁ

ጋሼን ጤና ይስጥልኝ። ሩማቶይድ ፋክተር በቲቢ፣ በሄፓታይተስ ሲ፣ በልብ ቫልቭ ኢንፌክሽንም ፖዘቲቭ ይሆናል። አንቲ-ሲሲፒ የሚባለው ምርመራ ቁርጥማቱን ከእሱ የተሻለ ይለያል። ኤኤንኤም እንዲሁ ነው፤ ለቲቢ አይኤንኤች የሚወስዱ ሰዎች ላይ ሉፐስ ሳይኖር ፖዘቲቭ ሆኖ ሊወጣ ይችላል። ምን መድኃኒት እየወሰዳችሁ እንደሆነ ሳትጠየቁም ተናገሩ።

---

ዝምተኛው

ወንድ ነኝ፣ 31 ዓመቴ። እዚህ መጻፍ አልወድም፣ ግን ለወንድምሽ ስል ነው። ሉፐስ እንዳለብኝ ሲነገረኝ የመጀመሪያው ሐኪም "እንዴት ነው አንተን የያዘህ፣ የሴት በሽታ እኮ ነው" አለኝ። ያን ቃል ለማንም ሳልናገር ሁለት ዓመት ያዝኩት። መድኃኒቱን ተደብቄ ነበር የምውጠው። ወንድምሽ እንዲህ የሚል ሰው ሳይገጥመው አይቀርም። ቀድመሽ ንገሪው። የፊቱን ነገርም እንደ ቀላል አትዩት፤ እኔን "ማዲያት ነው" ብለው ቅባት ነበር የሰጡኝ። በእኛ ቆዳ ላይ ሽፍታው ቀይ አይሆንም፣ ወደ ጥቁርና ሐምራዊ ይሄዳል። ከአፍንጫ ወደ ከንፈር የሚወርደውን መስመር ግን ይዘለዋል። እኔ ላይ የለየው አንድ የቆዳ ሐኪም ያንን መስመር በብዕር ጫፍ እያሳየኝ ነው።

---

የአዳማ ታላቅ እህት

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ። የሁላችሁንም አንብቤያለሁ፣ የዝምተኛውን ለወንድሜ ስልኬን ሰጥቼ እሱ ራሱ ነው ያነበበው። ሁለት ጊዜ አነበበው። "ይህ ሰው አዳማ ነው?" ብቻ ብሎ ጠየቀኝ።

እህቴ ሌላ ሐኪም ጋ ሄደች። ሽንቷ ንጹሕ፣ የደም ሴሎቿ ደህና፣ ፀረ ዲኤንኤ ነጌቲቭ። ቲኤስኤችዋ ግን ከፍ ብሏል፣ የታይሮይድ ፀረ እንግዳ አካሏም ፖዘቲቭ ነው። ዕጢው በአንድ ዓመት ውስጥ ራሱ ሊያገግም ይችላል ተብላ ለጊዜው ትንሽ ታይሮክሲን ተጀመረላት። ፕሬድኒሶሎኑን ቀስ ብላ ጨርሳለች። ጡት አላስጣለችም። ዋርድ ላይ ያለሁ፣ ወንድሜ፣ ያቺን የቲኤስኤች መስመር ባትጽፍልን ማን ያስታውሰን ነበር?

ወንድሜ አዲስ አበባ ሄዶ ከኩላሊቱ ናሙና ተወሰደለት። ክላስ 4 ነው አሉ፣ ኩላሊቱን በሰፊው የያዘ የሉፐስ ብግነት ማለት ነው። ፕሬድኒሶሎን፣ ማይኮፌኖሌትና ሃይድሮክሲክሎሮኪን ጀምሯል፣ ዓይኑንም ታይቷል። ትናንት ጠዋት እጁን ውኃ ሳይነክር ወጣ። እናታችን በሩ ላይ ቆማ ባጃጁ ከመታጠፊያው እስኪሰወር አየችው። የሽንቱ ፕሮቲን ወደ ሁለት ፕላስ ወርዷል፣ የኩላሊት ሥራ መለኪያው ክሬአቲኒን ግን ገና ወደ ልኩ አልተመለሰም።

አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ሃይድሮክሲክሎሮኪኑ የወር ብቻ ነው የተገኘው፣ 11 ቀን ቀርቶታል። አዳማ ውስጥ ሳይቆራረጥ የሚገኝበትን ቦታ የምታውቁ አላችሁ?

---

ዝምተኛው

አዳማ ነኝ። በውስጥ መስመር ጽፌልሻለሁ። የእኔ ሁለት ወር የሚበቃ አለኝ፣ ግማሹን ወንድምሽ ይውሰድ፤ ሐኪሙ የጻፈለት ሚሊግራም ከእኔ ጋር አንድ መሆኑን ወረቀቱን አምጥቶ አብረን እናያለን።